የቅዳሜ ከሰዓት ዋጋ

አገር ቤት በገባሁ ቁጥር ንስሐ አባቴ ፊት እንበረከካለሁ። ጾም የሻርኩበትን እናገራለሁ። ሰው ያማሁበትን እናገራለሁ። በቅዳሴ መሐል ሐሳቤ ገበያ ወጥቶ መመለሱን ሳይቀር እናገራለሁ። እዚህች ነገር ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይዘላታል። "ሌላስ ልጄ?" ይሉኛል። "ሌላ የለም አባቴ" እላለሁ። አለ። ለእሳቸው ያልተናገርኩትን፣ ለእናቴም ለእህቴም ያልተነፈስኩትን ነው አሁን የምጽፈው። ያደረግሁት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አልገፋኝም።

ደቡብ ሱዳን ነጻ በወጣች በዓመቱ ነው። ጁባ ውስጥ በአንድ የኮንስትራክሽን ድርጅት ጸሐፊ ነበርኩ። ጁባ ስገባ ሻንጣዬን ያሳረፈችልኝ እትዬ ሙሉ ናት። ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ውስጥ ምግብ ቤት ነበራት፤ አምስት ጠረጴዛ፣ ከላይ ቆርቆሮ። ሥራ እስካገኝ ሁለት ወር ከኋላ ባለችው ክፍሏ ከእሷ ጋር ተኛሁ፣ ከድስቷ በላሁ። ልከፍላት ስል "ሂጂ ወዲያ! ስታገቢ የሠርግሽን ወጥ እኔ እሠራለሁ፣ ያኔ ትከፍይኛለሽ" ብላ ሳቀችብኝ። አላገባሁም፤ አልከፈልኳትምም።

ሥራ ከያዝኩ በኋላ ቅዳሜ ከሰዓት የእሷ ነበር። ገበያተኛው ሲቀዘቅዝ እሷ ሽንኩርት ትልጣለች፣ እኔ ምስር እለቅማለሁ፣ ስለ ሰውም ስለ እግዜርም እናወራለን። ይህን ማድረጌ ዋጋ እንዳለው አላውቅም ነበር። ያስተማረኝ ኢንጂነር ዳዊት ነው፤ የቢሮዬ አለቃ፣ ቀልደኛና ደግ ሰው።

"አስናቀች፣ ቅዳሜ ከሰዓት ምን ትሠሪያለሽ?" አለኝ አንድ ቀን።

"ምን እሠራለሁ፤ እትዬ ሙሉ ጋ ሄጄ እጫወታለሁ።"

"ለጨዋታው ስንት ትከፍያለሽ?"

"ለጨዋታ ይከፈላል እንዴ ኢንጂነር?"

"እየከፈልሽ ነው እንጂ! በዚያ ሰዓት ብትሠሪ የምታገኚውን በሙሉ ከፍለሻል። ኦፖርቹኒቲ ኮስት ይባላል። ነጻ ጊዜ ብሎ ነገር የለም እህቴ፤ ሒሳቡ ሳይመጣልሽ ስለሚከፈል ነው ነጻ የሚመስልሽ።"

ተሳስቶ ነበር? አልተሳሳተም። ያለው ሁሉ እውነት ነው፤ እኔም በእሱ አላመካኝም። ንያኩሮን አካባቢ ቢሮ ካለው አንድ ነጋዴ ጋር አገናኘኝ። ቅዳሜ ከሰዓት እየሄድኩ የጨረታ ሰነድ እተይባለሁ፣ ለአንድ ከሰዓት ሁለት መቶ ፓውንድ። የነዳጁ ምርት ቆሞ ዶላር የጠፋበት፣ ሁሉም ነገር በየሳምንቱ የሚወደድበት ጊዜ ነበር። ሁለት መቶ ፓውንድ ቀላል አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ዓይኔ ተለወጠ። የውሃ ቦቴ ስጠብቅ የቆምኩበትን ደቂቃ እተምናለሁ። አንድ ሰው መንገድ ላይ ይዞኝ "እንዴት ነሽ፣ እነ እማማ እንዴት ናቸው" ሲለኝ በልቤ ስንት ፓውንድ እንደወሰደብኝ አሰላለሁ። አንድ ጠዋት ውዳሴ ማርያም እየደገምኩ ሩብ ሰዓቱ በዓመት ስንት እንደሚሆን ስደምር ራሴን አገኘሁት። ደነገጥኩ፣ አማተብኩ፣ ጸሎቴን ቀጠልኩ። መደመሩን ግን አልተውኩም።

አሁን ወደ በደሌ ልምጣ።

የሐበሻ ሴቶች ማኅበር ነበረን፤ በየወሩ በኪዳነ ምሕረት ቀን የምንሰበሰብበት። ጸሐፊዋ እኔ ነበርኩ። ጁባ ውስጥ የታመመ ሰው ሆስፒታል ሲተኛ አስታማሚ ያስፈልገዋል፤ ምግቡን የሚያመጣ፣ መድኃኒቱን ከውጭ የሚገዛ፣ የሚያገላብጠው። ቤተሰብ አገር ቤት ነው፤ ስለዚህ ቤተሰቡ ማኅበሩ ነበር። አንዷ ከታመመች ተራ እናወጣለን፣ በየተራችን አጠገቧ እንውላለን። ከተራዋ የቀረች በማኅበሩ ቀን ከወንበሯ ተነሥታ፣ ነጠላዋን አደግድጋ "ቀርቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ" ትላለች። ሁላችንም "ይቅር ለእግዚአብሔር" እንላለን። በቃ፣ ቅጣቱ ይኸው ነበር። ግን መቆሙ ያሳፍራል፤ ሁለት ጊዜ የቆመች ሴት አላየሁም።

ይህን ሥርዓት ያፈረስኩት እኔ ነኝ።

በአንዱ ስብሰባ ተነሥቼ፣ ሁላችንም ሠራተኞች ነን፣ ሰዓታችን ዋጋ አለው፣ ሰው ማሳፈር ምን ይጠቅማል፣ ያልተመቻት ሃምሳ ፓውንድ ትክፈልና በገንዘቡ አስታማሚ እንቅጠር አልኩ። በሽተኛዋ አትጎዳም፣ እኛም ከሥራ አንቀርም አልኩ። ሰብሳቢያችን ወይዘሮ ዘውዲቱ፣ ባለ ሆቴሏ፣ "ተባረኪ! እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?" አለችኝ። ሴቶቹ አጨበጨቡ። እትዬ ሙሉ ብቻ ከጥግ ሆና፣

"ጥሩ ነው" አለች። "እኔ ስተኛ እንግዲህ ብሩን ትራሴ ሥር አድርጉልኝ። እሱ ያጫውተኛል።"

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቃለ ጉባኤው ላይ በራሴ እጅ ጻፍኩት።

ለምን እንደዚያ አልኩ? ለማኅበሩ አስቤ ነው? ለብዙ ጊዜ ራሴን እንደዚያ አሳምኜ ነበር። ውሸት ነው። በዚያው ወር የቅዳሜ ተራ ደርሶኝ ነበርና ሁለት መቶ ፓውንዴ ቆጭቶኝ ነው። በሃምሳ ብገላገለው መቶ ሃምሳ ይተርፈኛል ብዬ ነው። ለራሴ በር ልከፍት የሁሉንም በር ከፈትኩ።

ሁለት ወር ሳይሞላ አስታማሚ የሚባል ከመካከላችን ጠፋ። የቀረች የማትቆም ከሆነ፣ የማታፍር ከሆነ፣ ለምን ትመጣለች? ድሮ ለመቅረት ምክንያት ትፈልግ የነበረች ሴት አሁን ለመምጣት ምክንያት ትፈልጋለች። ሁሉም ከፈለች። በገንዘቡም ሜሪ የምትባል የአገሩን ሴት ቀጠርን፤ ከጀበል ኩጁር በኩል በእግሯ የምትመጣ፣ ባሏ የሞተባት፣ እጇ ንጹሕ፣ ዝምተኛ። አማርኛ ግን አንዲት ቃል አታውቅም። እሱን ማን አሰበው? በሽተኛ ማጠብና ማጉረስ ቋንቋ አይፈልግም አልን።

ከዚያ እትዬ ሙሉ ታመመች። የሆድ ሕመሟን ለብዙ ጊዜ ትደብቀው ኖሯል፤ ወድቃ በሰው ተነሥታ ሆስፒታል ስትገባ ሐኪሞቹ ቀዶ ሕክምና አደረጉላት። እንደገና አልጠነከረችም።

ረቡዕ በምሳ ሰዓቴ ሄድኩ። ፊቷ ጠቁሯል፣ ዓይኗ ግን ያው ዓይኗ ነው። አጠገቧ አንዲት ሌላ ሐበሻ ልትጠይቃት መጥታ ተቀምጣለች። እትዬ ሙሉ ሴትዮዋን ውሃ ግዢልኝ ብላ ላከቻትና እጄን ያዘችኝ።

"አስኒ፣ ቅዳሜ ተራሽ ነው አይደል?"

"አዎ እትዬ።"

"ወረቀትና እስክሪፕቶ ይዘሽ ነይ። ለትዕግስት የምትጽፊልኝ ነገር አለ።"

ትዕግስት ልጇ ናት። በሁለት ዓመቷ ወደ አገር ቤት ተልካ ጎጃም ከአጎቷ ከአያሌው ዘንድ ነው ያደገችው፤ በአያሌው ስም ትጠራለች። አባቷ ማን እንደሆነ ከእትዬ ሙሉ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ባለ ትዳር ነበር፤ ቤቱን እንዳታፈርስ ብላ ሆዷን ይዛ ከአገር ወጣች፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ስሙን አልጠራችም።

"ሽማግሌ ተልኮባታል" አለችኝ። "ልጁ ጥሩ ልጅ ነው አሉ፣ እሷም ወዳዋለች። ግን የልጁ ወገኖች ሰባት ቤት ካልተቆጠረ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ሁላችንም የአንድ ወረዳ ሰዎች ነን፤ ወንድሟ እንዳይሆን በምን ያውቃሉ? አባቷን ልናገር ነው አስኒ። ሰውዬው ሞቷል፣ ሚስቱም ሞታለች፣ ማንን ፈርቼ እደብቃለሁ? ከነአባቱ፣ ከነአያቱ፣ ከነአገሩ አውቀዋለሁ።"

"እሺ፣ አሁን ይንገሩኝ" ልል አፌን ከፈትኩ። በዚያው ቅጽበት ሰዓቴን አየሁ። አየሁት፣ አየችኝ።

"አይ፣ አሁንማ ትቸኩያለሽ፤ ያችም ወሬኛ ትመለሳለች" አለች። "የዘር ነገር እየተሮጠ አይነገርም። ቅዳሜ ረጋ ብለሽ።"

እሺ ብዬ ግንባሯን ስሜ ወጣሁ። ምን እንደጠየቀችኝ አልገባኝም ልል እችላለሁ? ገብቶኛል። የሴት ልጇ ትዳር በዚያች ቅዳሜ ላይ እንደተንጠለጠለ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ዓርብ ነጋዴው ደወለ። ትልቅ ጨረታ ሰኞ ይዘጋል፤ ቅዳሜ ከእኩለ ቀን እስከ ማታ ከሠራሽ አራት መቶ እከፍላለሁ አለ። "ተራ አለብኝ" አላልኩም። "እናቴን የመሰለች ሴት ትጠብቀኛለች" አላልኩም። እሺ አልኩ። ከዚያ ለወይዘሮ ዘውዲቱ ደውዬ ቅዳሜ አልችልም፣ ሃምሳዬን እልካለሁ አልኩ። "ማፊ ሙሽኪላ!" አለችኝ እየሳቀች፣ ችግር የለም ማለቷ ነው። ለእትዬ ሙሉ ግን አልደወልኩም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እጽፍላታለሁ፣ አንድ ቀን ምን ለውጥ ያመጣል ብዬ።

ቅዳሜ ተቀምጬ ተየብኩ። ከሰዓት በኋላ ሰባት ሰዓት ገደማ ስልኬ ጠራ፤ የማላውቀው ቁጥር ነው። አላነሣሁትም። እንደገና ጠራ። አላነሣሁትም። ሰው ሲያቋርጠኝ ገጽ ይበላሻል፣ ገጽ ሲበላሽ ሰዓት ይሄዳል፣ ሰዓት ደግሞ ያን ቀን ውድ ነበር። ድምፁን ዘግቼ ሥራዬን ቀጠልኩ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጨርሼ ስልኬን ሳይ ወይዘሮ ዘውዲቱ ስድስት ጊዜ ደውላለች። በቦዳ ቦዳ ሞተር በርሬ ደረስኩ። እትዬ ሙሉ ከአንድ ሰዓት በፊት አርፋለች። ሜሪ ፊቷን አጥባ፣ አገጯን በሻሽ አስራ፣ እጆቿን አስተካክላ፣ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀምጣለች። የተቀጠረችበት ሰዓት ካለፈ ቆይቷል። ማንም ቆዪ አላላትም።

እኔ በምችላት በገበያ ዓረብኛ፣ መናገር ትችል ነበር ወይ አልኳት።

"ከላም ከቲር" አለችኝ። ብዙ ተናገረች። ከምሳ ሰዓት ጀምራ ነበር የተናገረችው። "መጀመሪያ የሰው ስም ጠራች" አለችኝ፤ "አስኒ አስኒ ስትል ከስልኳ ላይ ቁጥሩን አሳየችኝ፣ ሒሳቧ አልቆ ነበርና በሰው ስልክ ሁለት ጊዜ ደወልኩ፣ አልተነሣም።  ከዚያ እጄን ያዘችና ለእኔ ትነግረኝ ጀመር።"

"ምን አለችሽ?"

"አና ማ አሩፉ" አለችኝ። አላውቅም። "ዓረብኛው ጠፍቷት በቋንቋችሁ ብቻ ነበር የምትናገረው፣ ቀስ እያለች፣ ለልጅ እንደሚነገር። ስትጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች። እንድይዘው መሰለኝ። እኔ እሺ፣ እሺ እላት ነበር፤ ደስ እንዲላት።"

ከዚያ ቀና ብላ አይታኝ "አስኒ አንቺ ነሽ?" አለችኝ። አዎ አልኳት። "ለምን አልመጣሽም?"

"ሹጉል" አልኳት። ሥራ።

ራሷን ነቀነቀች። አልፈረደችብኝም። ሥራ ማለት ለእሷም ከባድ ቃል ነበር፤ ልጆቿን ለጎረቤት ትታ ነው ያን ቀን የዋለችው።

የማኅበሩ ሣጥን በእኛ ቅጣት ሞልቶ ስለነበር አስከሬኗ በአውሮፕላን አገሯ ገባ። ሰው ሁሉ "እንዴት ያለ ማኅበር ነው!" አለ። በሕይወት ሳለች አንድ ከሰዓት ያልተገኘላት ሴት፣ ከሞተች በኋላ ሁሉ ነገር ተገኘላት።

እስከዚህ ያለው በደሌ ስስት ነው። ከዚህ ቀጥሎ ያለው የከፋ ነው።

ከቀብሩ በኋላ ትዕግስት ደወለችልኝ። ድምፅዋ የእናቷ ድምፅ ነበር።

"እትዬ፣ እርስዎ ነዎት አሉኝ በመጨረሻ አጠገቧ የነበሩት። ተራዎ ነበር አሉ።"

"አዎ ልጄ" አልኩ። አንድ ውሸት።

"ስለ እኔ ምንም አላለችም? ስለ አባቴ? እነግርሻለሁ ብላ ልካልኝ ነበር።"

ያኔ እውነቱን መናገር እችል ነበር። ተናግራለች፣ የሚሰማት ሰው አጣች፣ ያጣችውም በእኔ ነው ልላት እችል ነበር። ይልቅስ ምን አልኩ? "አንደበቷ ተዘግቶ ነበር ልጄ። ከዓርብ ጀምሮ አንዲት ቃል አልወጣትም።"



"ረቡዕ ግን በአጎቴ ስልክ አነጋግራኝ ነበር፤ ድምፅዋ ደህና ነበር" አለች። "እንግዲህ ረቡዕ መናገር ስትችል ነው የተወችው። ይሁን። ድሮም እንዲህ ናት፤ ከእኔ የምትደብቀው አይጠፋም።"

"እንደዚያ አትበይ" አልኳት። ይህን ብቻ። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

ሽማግሌዎቹ አልተመለሱም። የልጁ ወገኖች ዘሯ ያልታወቀ ልጅ አናስገባም፣ ነገ እህትና ወንድም ሆነው ቢገኙስ አሉ። ልጁ ሌላ አገባ። ትዕግስት በእናቷ ተዝካር ቀን ከቤት አልወጣችም አሉኝ፤ "እስከ ሞት የጨከነችብኝን ሴት አላለቅስላትም" ብላለች አሉ። ያን ስሰማ ምን አደረግሁ? ደወልኩ? ጻፍኩ? ለሙት ዓመቷ ገንዘብ ላክሁ። አዎ፣ እንደገና ከፈልኩ። ከዚያ በላይ የማውቀው ነገር አልነበረኝም።

ዓመታት አልፈዋል፤ አሁንም ጁባ ነኝ። የዚያችን ቅዳሜ ዋጋ ብዙ ጊዜ ደምሬዋለሁ። ኢንጂነሩ እንዳስተማረኝ፣ የአንድ ነገር ዋጋ ስለ እሱ የተውሽው ነው። እኔ በአራት መቶ ፓውንድ ምን ተውኩ? የአንዲት ሴት የመጨረሻ ቃል። የአንዲት ልጅ አባት። ትዳሯ። እናቷን የመውደድ መብቷ። ይህንን በየትኛው ገበያ አወጣዋለሁ? በመጨረሻው ቀን ስለ በሽተኛ እንደምንጠየቅ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ሳላውቅ አልበደልኩም። ድህነት ነበረብኝ አልልም፤ ደመወዝ ነበረኝ። ሌሎቹም ከፍለው ቀርተዋል አልልም፤ ሌሎቹን ያስተማርኩ እኔ ነኝ፣ ወረቀት ይዘሽ ነይ የተባልኩትም እኔ ብቻ ነኝ። ትሞታለች ብዬ አላሰብኩም አልልም፤ ረቡዕ ፊቷን አይቻለሁ።

ይቅር በሉኝ ለማለት ተነሥቶ መቆም ያስፈልጋል፤ ያንን መቆም ደግሞ እኔ ራሴ ሽሬዋለሁ። ስለዚህ ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም። ከንስሐ አባቴም በፊት ይህንን መስማት ያለባት አንዲት ሴት ናት፤ አሁንም በአጎቷ ስም የምትጠራው።

ትዕግስት፣ ዋሽቼሻለሁ። የእናትሽ አንደበት አልተዘጋም። ያን ቅዳሜ ከምሳ ሰዓት ጀምራ እስክታርፍ ድረስ የአባትሽን ነገር ተናገረች፤ ጨርሳ እንደገና ጀመረች። አልደበቀችብሽም። አልጨከነችብሽም። የቀረሁት እኔ ነኝ።